የማይታየው የፊት ሕመም
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ ሲነገር የማይሰማ ነው። ፊት ላይ ስለሚነሣ፣ ነገር ግን ፊት ላይ ስለማይታይ ሕመም እንነጋገራለን። ርዕሱን የመረጡልን አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪካቸውን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል። «ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይጉላላ ንገሩት» ብለውናል። አማና ነውና እንወጣዋለን።

ከስህተታችን እንጀምር

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኚህ እናት ያኔ የሚኖሩት ካዛንቺስ ነበር፤ ከጀመዓችንም ከቀደምቶቹ ናቸው። በአንድ የክረምት ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በሴቶች በር በኩል መጥተው አስጠሩን። ቀኝ ጉንጫቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጨርቁ ሳይነካቸው ከልለዋል። «ሸኽ፣ ለውዱእ ፊቴን ስታጠብ መብረቅ ይመታኛል። ሌላው አካሌ ደህና ነው። ምን ላድርግ?» አሉን።

ፊታቸውን አየነው። ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣ መቅላትም የለም። የሚጠብቀን ሰው ስለነበረም ቸኮልን። «እናቴ፣ ሶብር ያድርጉ። ክረምቱ ነው፣ ብርድ ይሆናል። ውኃውን በስሱ ዳበስ ያድርጉበት፤ ይበቃል» አልናቸው። እሳቸውም መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከሴቶች ደርስ ቀሩ። ልጃቸው መጥታ የነገረችንን ስንሰማ አፈርን። እናትየዋ በየሶላቱ ወቅት የውዱእ ጆጋቸውን ይዘው ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እኛ እንዳልናቸው ፊታቸውን በስሱ ሲዳብሱ ሕመሙ ይብስባቸዋል። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት የጥርስ ሕመም መስሏቸው ሦስት ጥርስ አስነቅለዋል፤ ሕመሙ ግን አብሮ አልተነቀለም። ምግባቸው አጥሚት ብቻ ሆኗል፤ ማውራትም ትተዋል። ከሁሉ የከፋው ለልጃቸው የተናገሩት ነው። «ሸኹ ቀላል ነው ያሉኝን እንኳ ማድረግ አቃተኝ፤ ኢማኔ ቢደክም ነው» አሏት።

ውድ አድማጮች፤ ኋላ ከሐኪም እንደተረዳነው፣ በዚህ ሕመም ጠንከር ካለ ጫና ይልቅ ሕመሙን ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ስስ ንክኪ ነው። አቀለልን ብለን አክብደንባቸው ነበር። ሳንጠይቅ መለስን፤ ሳናውቅ ፈረድን።

አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ ከመካከላቸው አንዱን ድንጋይ ራሱን ፈነከተው። ከዚያም ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ተየሙም ማድረግ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነሱም ውኃ እስካለ ድረስ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እጅግ ተቆጡ። ሰውየውን የገደሉት ፈራጆቹ መሆናቸውን፣ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ፣ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነ አስረዱ።

ያ ሰው ቁስሉ የሚታይ ነበር፤ ደሙ ይፈስ ነበር። እንዲያም ሆኖ ፈረዱበት። ታዲያ ቁስሉ የማይታየውን ሰው ምን ያህል እንፈርድበት ይሆን? የዛሬው ንግግራችን ዋና መልእክት ይኸው ነው፤ ሕመም ለመታመን መታየት የለበትም። የታመመውን እንመነው፤ ከመፍረዳችን በፊትም እንጠይቅ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ይህን ሕመም ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይሉታል። እኛ የፊት ነርቭ ሕመም እንለዋለን። በቀጥታ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል ያደርሳል። በቀኝም በግራም አለ። እያንዳንዱም ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንደኛው ለግንባርና ለዓይን አካባቢ ነው። ሁለተኛው ለጉንጭ፣ ለላይኛው ከንፈርና ለላይኛው ጥርሶች ነው። ሦስተኛው ለታችኛው መንጋጋ፣ ለታችኛው ጥርሶችና ለአገጭ ነው። ሕመሙ ይበልጥ የሚያጠቃው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል።

ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ድንገት ይመታል። ከሴኮንድ ሽርፍራፊ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ይለቃል፤ ከዚያ ይደገማል። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። የሚቀሰቅሱት ነገሮች ደግሞ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ናቸው፤ ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ማኘክ፣ መናገር፣ መሳቅ፣ ጢም መላጨት፣ ነፋስ። አንዳንድ ጊዜ ለወራት፣ ለዓመታትም ጭምር ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በአብዛኛውም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፉትን ይይዛል።

ምክንያቱስ? በብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ ነርቩ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ አጠገቡ ያለ የደም ሥር ይጫነዋል። የደም ሥሩ ሲመታ ዓመት ከዓመት የነርቩ ሽፋን እየተላጠ ይሄዳል። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካካ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ነርቩም ቀላሉን ንክኪ እንደ ከባድ ሕመም አድርጎ ለአንጎል ይነግራል። ስለዚህ ታማሚው «ውኃ ነካኝና መብረቅ መታኝ» ሲል ማጋነኑ አይደለም። በነርቩ ውስጥ የሆነውን ነው የሚነግረን።

ይህን ነገር ከጥንት የእስልምና ዘመን ሐኪሞችም አስተውለውታል። ከ900 ዓመት ገደማ በፊት ኢስማዒል አል-ጁርጃኒ የተባሉ ሐኪም በፋርስ ቋንቋ ባዘጋጁት ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ የአንድ ወገን የመንጋጋና የጥርስ ሕመምን ገልጸዋል፤ መነሻውንም የደም ሥሩ ለነርቩ ከመቅረቡ ጋር አያይዘውታል። የዘመናችን ቀዶ ሐኪሞች ይህንኑ በዓይናቸው ያዩት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋልተር ዳንዲ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ባደረጓቸው ቀዶ ሕክምናዎች ነው።

በተሳሳተ መንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜ

ይህ ሕመም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው። አይፈረድበትም፤ ያው ነርቭ የጥርስንም ስሜት ስለሚሸከም ሕመሙ ከጥርስ የመጣ ይመስላል። አንዱ ጥርስ ይነቀላል፤ አልተሻለም ተብሎ ሁለተኛው ይነቀላል። አንዳንዴም ሐኪሙ ጥርሱ ጤነኛ ነው ሲል ታማሚው ራሱ ንቀልልኝ ብሎ ይለምናል። ምክራችን ይህ ነው፤ ጥርሱ በራጅ ታይቶ የተበላሸ ነገር ካልተገኘበትና ሕመሙ እንደ ንዝረት መጣ ሄድ የሚል ከሆነ፣ ከመንቀል በፊት የነርቭ ጉዳይ ይሆን እንዴ ብላችሁ ጠይቁ። በእርግጥ ትክክለኛ የጥርስ ሕመምም አለ። ያለማቋረጥ የሚጠዘጥዝ፣ እብጠት ወይም መግል ያለው ከሆነ ያ የጥርስ ሐኪሙ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምች ነው ብሎ ፊትን በዳማከሴ ማሸት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጂን ነው፣ ሲሕር ነው የሚለው ነው። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለማንኛውም ሕመም መልካም ነው፤ ሩቅያ ከሐኪም ጋር አይጣላም። የሚጣላው ቁርኣን የሚቀራው ሰው ሐኪሙን ተው ሲል ነው። ፊቱን ሲነኩት የሚጮኸውን ሰው ጂኑ ጮኸ እያሉ እየደጋገሙ መንካት ደግሞ ግፍ ነው። ሰውየው የጮኸው ስላመመው ነው።

ከሌሎች ሕመሞችም እንለየው። አፍ የሚጣመምበትና ዓይን አልከደን የሚልበት ሕመም የሌላ ነርቭ፣ የሰባተኛው ነው። አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ ወጥቶ ከዳነ በኋላ የሚቀረው የማቃጠል ሕመምም ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ታማሚው ዕድሜው ከ40 በታች ከሆነ፣ ሕመሙ በሁለቱም ወገን ከሆነ፣ ፊቱ ከደነዘዘ፣ ጆሮው ከከበደ ወይም ዓይኑ አንዱን ሁለት አድርጎ ካየ ሳይዘገይ መታየት አለበት፤ ከበስተጀርባው ዕጢ ወይም ሌላ የነርቭ በሽታ ሊኖር ይችላልና። ይህንን የሚለየው ኤም.አር.አይ የተባለው ምርመራ ነው።

ሕክምናው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም በተጠየቁ ጊዜ እንዲታከሙ ማዘዛቸውን፣ አላህም ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን ዑለሞች ዘግበዋል። መታከም ተወኩልን አያጎድልም።

ለዚህ ሕመም ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ የተለመዱ ማስታገሻዎች እምብዛም አይረዱም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ አንዳንዶቻችሁ ቴግሬቶል በሚለው ስሙ ታውቁት ይሆናል። ለዚህ ሕመም ጥቅም ላይ መዋል የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። መድኃኒቱ የሚጥል በሽታ ላለባቸውም የሚሰጥ ነው። እኛ የምናውቃቸው እናት የመድኃኒቱን ወረቀት ልጃቸው ስታነብላቸው ደንግጠው «እኔ የሚጥል በሽታ የለብኝም» ብለው ሊተዉት ነበር። አትደንግጡ። የተቆጣ ነርቭን የሚያበርድ መድኃኒት ስለሆነ ለሁለቱም ያገለግላል። የሚጥል በሽታም ቢሆን ሕመም እንጂ ነውር አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በትንሹ ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መጀመሪያ ላይ ማዞርና እንቅልፍ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ደረጃ የሚወጡ አዛውንትም ይጠንቀቁ።

ሁለተኛ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይም ከትኩሳትና ከአፍ ቁስለት ጋር ከሆነ፣ ነገ ሳይባል በዕለቱ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ሕይወትን የሚያሰጋ የቆዳ ጉዳት ያደርሳል። የደም ሕዋሳትን፣ ጉበትንና በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ሊነካ ስለሚችልም ሐኪሙ የደም ምርመራ ሲያዝ አትዝለሉት።

ሦስተኛ፣ የሌሎችን መድኃኒቶች ኃይል ያዳክማል። የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት፣ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እኅትም አስቀድማ ታማክር።

አራተኛ፣ ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ አይገባም። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳለ ግዙ። አንዱ ፋርማሲ ካጣችሁት በከነማና በቀይ መስቀል ፋርማሲዎችም ጠይቁ።

ካርባማዜፒን ያልተስማማው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ኦክስካርባዜፒን፣ ላሞትሪጂን፣ ባክሎፌንና ጋባፔንቲንን የመሳሰሉ አማራጮች አሉ። መድኃኒት ያልበገረው ሕመም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒተር ጃኔታ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ባዳበሩት መንገድ፣ ከጆሮ ጀርባ በትንሹ ተከፍቶ የደም ሥሩና ነርቩ ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም ስስ ትራስ ይደረጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ ሰፊ ጥናት ከታከሙት መካከል ከ10ሩ ሰባት ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም ደህና ነበሩ። ቀዶ ሕክምና የማይችል አዛውንት ደግሞ በመርፌ ወይም በጨረር የሚሰጥ ሕክምና አለው።

በአገራችን መንገዱ የሚጀምረው ከሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሪፈር ይጻፋል፤ በክፍለ ከተማችን በቂርቆስ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሙያዎቹ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። እስከዚያው ግን የጤና ጣቢያውና የአጠቃላይ ሐኪሙ እርዳታ ቀላል አይደለም። አንድ ደብተር ያዙ። ሕመሙ በስንት ሰዓት መጣ፣ ምን ቀሰቀሰው፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ መድኃኒቱ ስንት ነበር ብላችሁ ጻፉ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሕመሙ ላይኖር ይችላል፤ ደብተሩ ግን ይመሰክርላችኋል።

ዒባዳችንስ?

ያቺ እናት ወደ እኛ የመጡበት ጥያቄ ይህ ነበርና በደንብ እንመልከተው። መሠረቱ አላህ በባሪያው ላይ ከአቅሙ በላይ እንዳልጫነ፣ በሃይማኖቱም ጭንቅ እንዳላደረገ ማወቅ ነው። የተየሙም ፈቃድ በወረደባቸው የኒሳእና የማኢዳ ምዕራፎች ውስጥ በሽተኛ በስም ተጠቅሷል።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ላይ ሳሉ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነባቸው። ብታጠብ እጎዳለሁ ብለው ፈሩና በተየሙም ባልደረቦቻቸውን አሰገዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ፈገግ አሉ እንጂ አልነቀፏቸውም። አስተውሉ፤ ዐምር (ረ.ዐ) የሚታይ ቁስል አልነበራቸውም። ጉዳቱን መፍራታቸው ብቻ በቂ ምክንያት ሆኗል።

ስለዚህ ፊቱን የሚያመው ሰው በመጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ይሞክር። ነፋስ የሌለበት ቦታ ይቀመጥ። ከስስ ዳበሳ ይልቅ ጠፍጣፋ እጅን አንዴ አሳርፎ ማንሣት ለአንዳንዱ ይሻለዋል፤ ራሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ይህም የማይቻል ከሆነ የሚችለውን አካል ያጥባል፤ ለቀረው የፊቱ ክፍል በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ያደርጋል። በሐነፊይ መዝሀብ አብዛኛው አካል ጤነኛ ከሆነ ጤነኛው ይታጠባል፤ የታመመው ይታበሳል፤ ማበሱም ከጎዳ ይታለፋል። ተየሙም ራሱ ፊትን መንካት አለበት። ያም የሚቀሰቅስበት ሰው ያልቻለው ነገር ከእርሱ ላይ ይነሣለታል። ዝርዝሩን ግን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ዓሊሙም ከመመለሱ በፊት እናንተን ይጠይቃችሁ።

በሶላት ውስጥ መጎንበስ ወይም ግንባርን መሬት ማስነካት ሕመሙን የሚያመጣ ከሆነ፣ ሰውየው ተቀምጦ በምልክት ይሰግዳል። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደፈቀዱላቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። ከንፈር ማንቀሳቀስ የሚያመው በሚችለው መጠን ይቅራ፤ ካቃተው በልቡ ያስኪደው። ሲዋክና ብሩሽም በታመመው ወገን ላይ ለጊዜው ቢቀር ችግር የለውም፤ አፍን በለብታ ውኃ መጉመጥመጥ ይተካዋል።

የረመዷንን ጾም በተመለከተ፣ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ለኢፍጣርና ለሱሑር ማመቻቸት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ከወሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ሰዓቱን አታዛቡ። በአገራችን የጾሙ ሰዓት ከ13 ሰዓት በላይ ነው። መድኃኒቱ በመሐል ሲያልቅ ሕመሙ የሚነሣበት ሰው በሽተኛ ነውና ያፍጥር፤ ሲሻለው ቀዷእ ያወጣል። የመሻል ተስፋ የሌለው ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። አፍጥሮ ሲበላ የታየውን ሰው «ምን ሆነህ? ደህና ትመስላለህ» የምንል ሰዎች ምላሳችንን እንያዝ።

በቤት ውስጥ

የቤት ሰው ሆይ፤ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ያለው ሕክምና በእናንተ እጅ ነው። አገራችን ሰላምታው በጉንጭ መሳሳም ነው። በዒድ ቀን ፍቅር ያለው ሁሉ ጉንጩን ይዞ ይመጣል፤ ለዚህ ታማሚ ግን ያ ቀን የመከራ ቀን ነው። ስለዚህ ልጆች አያታቸውን እጅ በመሳም ሰላም ይበሉ። እንግዳ ሲመጣ «ጉንጫቸውን ያማቸዋል፤ በእጅ ሰላም በሏቸው» ብሎ ቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው ይኑር። ታማሚዋ ራሳቸው እየተሳቀቁ እምቢ ማለት የለባቸውም።

ጉርሻም እንደዚሁ ነው። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ከንፈራቸው ሲነካ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። ለራሳቸው ይተዉላቸው። ምግቡ ለስለስ ያለ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ሾርባ ይሁን፤ በጣም የጋለም በጣም የቀዘቀዘም አይሁን። አጥሚት ብቻ እየጠጣ የከሳ ሰው ካለ ለሐኪሙ ይነገር። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ለሰዓታት ማኘክ ለዚህ ነርቭ እንደማይመች ይወቅ፤ ለመተው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

በታክሲ ስትሳፈሩ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ጉንጭን እንደሚመታ አስቡ። አንዲት እናት «መስኮቱን ዝጉልኝ» ሲሉ ተሳፋሪው ሁሉ «ሙቀቱን አላዩም እንዴ?» ይላቸዋል። ምክንያታቸውን ለሃያ ሰው እንዲያስረዱ አናስገድዳቸው፤ እንዝጋላቸው። ለሱብሕ ሶላት በብርድ ከመውጣት ይልቅ በቤታቸው ቢሰግዱም ዑዝር አላቸው።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጡም። ገንዘብ የሚያስወጣው ምርመራውና መድኃኒቱ ነው። ለዚያ ደግሞ ጀመዓው፣ ዕድሩ፣ ዘመዱ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ያልሆናችሁ ተመዝገቡ። ዘካ የምታወጡ ወገኖችም፣ መድኃኒት መግዣ ያጣ ድኻ በሽተኛ ድኻ መሆኑን አትርሱ።

ሶብር ዝምታ አይደለም

ብዙ ታማሚዎች «አመመኝ» ማለት ከሶብር የሚያወጣ ይመስላቸዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸውን አሟቸው በተናገሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም በይ አላሉም፤ የራሳቸውንም ራስ ምታት አነሡ። ነቢዩላህ ያዕቁብም ሐዘናቸውን ለጌታቸው ተናግረዋል። ሶብርን የሚያጎድለው በአላህ ውሳኔ ላይ ማማረር ነው እንጂ ሕመምን ለሐኪም፣ ለቤተሰብ፣ ለወዳጅ መንገር አይደለም።

ይህ ሕመም ሰውን ሕይወት እስከማስጠላት ሊያደርስ ይችላል። ሞትን መመኘት በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ከታማሚ አፍ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ በቁጣ አትጀምሩ። ቃሉ የሕመሙን መጠን ነው የሚነግራችሁ። ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒቱን እናንተ ያዙለት፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። ድብርትም ራሱ የሚታከም ሕመም ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ከጀመዓችን ብዙው ተበተነ። እኚህ እናትም ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። በፊት በራቸው ሲዘጋ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ ያንኳኳ ነበር፤ አዲስ ሰፈር ላይ ጉንጫቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የማይታይ ሕመም ያለበት ሰው ሰፈር ሲቀይር የሚያምኑትን ሰዎች ያጣል። እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የተበተናችሁ ጎረቤቶች ሆይ፣ ስልክ ደውሉ። ማውራት የሚያማቸው ከሆነ እናንተ አውሩ፣ እነሱ ያዳምጡ። አዲሶቹ ጎረቤቶችም በሩን አንኳኩ።

አሁን እንዴት ናቸው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልሐምዱሊላህ። የነርቭ ሐኪም አይቷቸው መድኃኒት ጀምረዋል። የመጀመሪያው ሳምንት በማዞር አለፈ፤ ከዚያ ቡና ፉት ማለት፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መሳቅ ቻሉ። ፈጽሞ ድነዋል አንልም። ብርድ ሲገባ ይነሣባቸዋል፤ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክልላቸዋል፤ ደብተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ለብ ባለ ውኃ ውዱእ ያደርጋሉ፤ በባሰባቸው ቀን በሩኽሳው ይጠቀማሉ፤ አያለቅሱም።

እኛም ቤታቸው ድረስ ሄደን አውፍ እንዲሉን ጠየቅናቸው። «አውፍ ብዬዎታለሁ። ሌላ ጊዜ ግን ፊት አይተው አይፍረዱ፤ መጀመሪያ ይጠይቁ» አሉን። ለኛ የተሰጠን ምክር ለሁላችንም ይሁን።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፤ ሕመማቸውን የኃጢአታቸው ማበሻ ያድርግላቸው፤ ለሐኪሞቻችን ማስተዋልን፣ ለቤተሰቦቻቸው ርኅራኄን፣ ለእኛም ከመናገር በፊት መጠየቅን ይስጠን። አሚን።